የወንዝ ዳሩን ዋጋ ማን ይክፈል?

በኖርዝ ድሩይድ ሂልስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቧንቧውን ሲከፍት የሚወርድለት የቻታሁቺ ወንዝ ውሃ ነው። የዲካልብ ካውንቲ ውሃውን ከወንዙ ስቦ፣ ዶራቪል በሚገኘው ማጣሪያው አጣርቶ ያከፋፍላል። ወንዙ ግን እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ከሰሜን ጆርጂያ ተራሮች ተነሥቶ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ በመንገዱ ካለው ደን ከፊሉ የፌዴራል መንግሥት፣ ከፊሉ ደግሞ የቤተሰቦችና የኩባንያዎች ነው። በመላው ጆርጂያ ሲታይ ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጅ ያህሉ ደን በግል ይዞታ ሥር ይገኛል። ስለዚህ የምንጠጣው ውሃ ጥራት በከፊል የሚወሰነው ፈጽሞ የማናውቃቸው ሰዎች ዛፋቸውን መቼ፣ ከየትኛው ቁልቁለት ላይና ከወንዙ ምን ያህል ርቀው እንደሚቆርጡ ነው።

የጆርጂያ ግዛት ይህን ጥገኝነት የሚያስተዳድረው በሁለት መሣሪያዎች ነው። የመጀመሪያው ምክር ነው። የግዛቱ የደን ኮሚሽን ባወጣው የአሠራር መመሪያ መሠረት ዓመቱን ሙሉ በሚፈስ ጅረት ዳር፣ እንደ ቁልቁለቱ መጠን፣ ከ12 እስከ 30 ሜትር ስፋት ያለው የዛፍ መቀነት ሳይመነጠር ይቆያል፤ የግንድ መጎተቻ መንገድም በጅረቱ ውስጥ እንዳያልፍ ይደረጋል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። መሬቱን ለ10 ዓመት በደንነት ወይም በእርሻነት ለማቆየት ውል የሚገባ ባለይዞታ የንብረት ግብሩ ይቀነስለታል፤ ውሉን ካፈረሰ ግን ያተረፈውን ግብር እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። መመሪያው በአብዛኛው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ቢሆንም፣ ኮሚሽኑ በየጊዜው በሚያደርገው የመስክ ቅኝት ከ90 በመቶ በላይ ተፈጻሚ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው፣ ባለ ደኑ ለሌላው ሰው ውሃ ሲል የሚተወውን ጥቅም ብቻውን እንዲሸከም አለመደረጉ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንሻገር። በየዓመቱ ክረምቱ ሲቃረብ በውጭ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ለችግኝ የሚሆን ገንዘብ እንድናዋጣ ጥሪ ይደርሰናል፤ ብዙዎቻችንም በደስታ እንሰጣለን። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የስኬቱ መለኪያ በአንድ ቀን የተተከለው ችግኝ ቁጥር ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚከተለው ነው፦ ዓላማችን ወንዞችና ሐይቆች ከደለል እንዲድኑ ከሆነ፣ የምናዋጣው ገንዘብ የበለጠ ውጤት የሚሰጠው አዲስ ችግኝ ሲተከልበት ሳይሆን፣ አስቀድሞ ደን ያለው ገበሬ የወንዙን ዳር ሳይመነጥር እንዲያቆይ ሲከፈለው ነው።

ዘመቻ ያልተጠራለት ደን

በአዊ ዞን፣ በተለይም ዋና ከተማው አዲስ ቅዳም በሆነው ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ባለፉት ሁለትና ሦስት ዐሥርት ዓመታት የሆነው ነገር ከሚገባው ያነሰ ትኩረት አግኝቷል። ገበሬዎች ከአውስትራሊያ የመጣና ‹‹ዲከረንስ›› እየተባለ የሚጠራ የግራር ዝርያ በማሳቸው ላይ መትከል ጀመሩ። አሠራሩ ብልሃት አለው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ወይም ስንዴ ይዘራል፤ በተከታዩ ዓመት ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይከሰላል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ከዚያ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ዛፉ ናይትሮጅን ስለሚሰጥ፣ በአሲዳማነት የተጎዳው መሬት ለሚቀጥለው ሰብል ያገግማል። ገበሬውን የገፋፋው የመሬቱ መድከምና የከሰል ዋጋ እንጂ የችግኝ ዘመቻ አልነበረም። ሆኖም ሰፊ የእርሻ ማሳ ወደ ደን ተለውጧል።

ዛፉ ቆሞ ባለባቸው ዓመታት ውሃው ይጠቀማል። ቅጠሉ የዝናቡን ጠብታ ይሰብራል፤ ርጋፊው መሬቱን ይሸፍናል፤ ጎርፉ ጉልበቱን አጥቶ ወደ መሬት ይሰርጋል። ችግሩ የሚመጣው ዙሩ በሚታደስበት ዓመት ነው። ማሳው በአንድ ጊዜ ሙልጭ ተደርጎ ይቆረጣል። የከሰሉን ክምር ለመሸፈን አፈር ይቆፈራል። ግንድ የሚጎተትበትና አህያ የሚመላለስበት መንገድ ወደ ጅረቱ የሚወርድ ቦይ ይሆናል። ቀጥሎም መሬቱ ለጤፍ ሲባል ተደጋግሞ ታርሶ ይለሰልስና የሐምሌን ዝናብ ራቁቱን ይጠብቃል። በደን ሥራ ዘንድ በየትም አገር የታወቀ ነገር አለ፤ ከደን ወደ ወንዝ የሚገባው ደለል በአብዛኛው የሚመነጨው ከመጎተቻ መንገዶችና ከጅረት መሻገሪያዎች ነው። ስለዚህ የውሃው ጥራት የተንጠለጠለው ከዛፉ ብዛት ይልቅ በአቆራረጡ ላይ ነው።

የአዊ ወንዞች ከፊሉ በግልገል ዓባይ አድርገው ወደ ጣና፣ ከፊሉ በሌሎች ገባሮች ወደ ዓባይና ወደ በለስ ይወርዳሉ። ግልገል ዓባይ ከጣና ገባሮች ሁሉ ትልቁ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል፤ ነገር ግን ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የታየው እምቦጭ ዛሬም ዓሣ አጥማጁን ያስቸግራል። እምቦጭ የሚፋፋው ደግሞ ከአፈሩ ጋር ታጥቦ በሚመጣ ንጥረ ነገር ጭምር ነው። ደለል በግድብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ወደ ጎንደር መሄድ ይበቃል፤ የከተማዋን ውሃ የሚይዘው የአንገረብ ግድብ ከታሰበለት ዕድሜ እጅግ ቀድሞ በደለል ተይዟል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው የሕዳሴ ግድብም ቢሆን ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም፤ የሚለየው በጊዜው ርዝመት ብቻ ነው። ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የነበረው ማደሪያ ስላልነበረው ነው። አሁን ማደሪያ አግኝቷል፤ ይዞት የሚመጣው አፈርም እዚያው ያድራል።

በሐቅ መነጋገር ያስፈልጋልና፣ ከዚህ ተፋሰስ የሚወርደው ደለል አብዛኛው ከእርሻ ማሳና ከቦረቦር የሚነሣ ነው፤ የገበሬው ደን ድርሻ ከዚያ ያንሳል። ታዲያ ለምን ከደኑ እንጀምራለን? በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ በወንዝ ዳር የቆመ የዛፍና የሣር መቀነት ከራሱ ማሳ ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ካለው እርሻ የሚመጣውንም አፈር ያጣራል። ሁለተኛ፣ ዛፍ ለመትከል አስቀድሞ ወስኖ ወጪውን የከፈለ ገበሬ ላይ የምንጨምረው ጥቂት ነው፤ ያልወሰነውን ከማሳመን እጅግ ይረክሳል።

ለመጀመር የሚያስቸኩል ምክንያትም አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዝገት በሽታ የአዊን ዲከረንስ እየመታው ነው። ዛፉ የደረቀበት ገበሬ አሁን እየመረጠ ነው፤ ወይ ሌላ ዛፍ ይተክላል፣ ወይ መሬቱን እስከ ወንዙ ከንፈር ድረስ መልሶ ያርሳል። ሁለተኛውን ከመረጠ፣ ማንም ሳይከፍልበት የተገኘው የሃያ ዓመት ጥቅም በጥቂት ክረምቶች ይጠፋል።

አንድ ደንብ፣ ዘጠኝ እጥፍ ሸክም

ቀላሉ መልስ ‹‹ደንብ ይውጣ›› የሚል ነው፤ ማንም ከወንዝ ዳር በ10 ሜትር ውስጥ አይቁረጥ፣ አይረስ። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሒሳቡን ግን እንሥራ።

በጆርጂያ 40 ሄክታር ደን ያለው ቤተሰብ እንውሰድ። መሬቱ ካሬ ቢሆንና አንድ ጎኑ ወንዝ ቢነካ፣ ጎኑ 632 ሜትር ያህል ነው። 10 ሜትር ስፋት ያለው መቀነት 0.63 ሄክታር ይወስዳል፤ ይህም ከይዞታው 1.6 በመቶ ነው። አሁን በፋግታ ለኮማ ግማሽ ሄክታር፣ ማለትም ሁለት ጥማድ ገደማ፣ ዲከረንስ ያለውን ገበሬ እንውሰድ። መሬቱ ካሬ ቢሆን ጎኑ 71 ሜትር ያህል ነው፤ ያው 10 ሜትር መቀነት ከማሳው 14 በመቶ ይወስዳል። አንዱ ደንብ በድሃው ላይ የሚጥለው ሸክም በባለጸጋው ላይ ከሚጥለው ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ነው። ማሳው በወንዙ ዳር የተንጋለለ ጠባብ ቁራጭ ከሆነ ደግሞ ድርሻው ከዚህም ይብሳል።

ከመሬቱ አንድ ሰባተኛውን ያለ ካሣ የሚያጣ ሰው ደንቡን ይጥሳል ብሎ መገመት ነቢይነት አይጠይቅም። ከዚያም የባሰ ውጤት ሊመጣ ይችላል። ዛፍ መትከል ቁጥጥር እንደሚያስከትልበት ካየ፣ መትከሉን ራሱን ይተወዋል። ክፍያ የሌለው ደንብ በእንዲህ ያለ አነስተኛ ይዞታ ላይ ውሃውን ሊያጠራ ቀርቶ ደኑን ሊያጠፋ ይችላል።

ታችኛው ለላይኛው የከፈለባቸው አገሮች

ኒው ዮርክ ከተማ ከዘጠኝ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ የምታቀርበውን ውሃ የምታገኘው በአብዛኛው ከካትስኪልና ከዴላዌር ተፋሰሶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከተማዋ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባት፤ ወይ ከስድስት እስከ ስምንት ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ማጣሪያ መሥራት፣ ወይ የላይኛውን ተፋሰስ መንከባከብ። በ1997 ከላይኛው ተፋሰስ ማኅበረሰቦች ጋር በተፈረመው ስምምነት ሁለተኛውን መረጠች፤ ወጪውም ከማጣሪያው ዋጋ እጅግ ያነሰ ሆነ። ለግል ደን ባለቤቶች የደን አያያዝ ዕቅድ ማዘጋጃ ወጪ ይሸፈናል፤ ዛፍ ቆራጮች ይሠለጥናሉ፤ ጅረት የሚሻገሩ ማሽኖች ውሃውን እንዳያደፈርሱ ተንቀሳቃሽ ድልድይ ሳይቀር በውሰት ይሰጣቸዋል።

ኒው ዮርክ ሀብታም ናት የሚል መልስ ቢቀርብ ኬንያን እንመልከት። ስሙ ከእኛው ሐይቅ ጋር አንድ የሆነው የታና ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ የናይሮቢን ውሃ አብዛኛውን ክፍል ያቀርባል፤ ለአገሪቱም የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው የውሃ ፈንድ የከተማዋን የውሃ ድርጅት፣ የኃይል አመንጪውን ኩባንያና የግል ድርጅቶችን በአንድነት አሰባስቧል፤ ገንዘቡ በላይኛው ተፋሰስ ላሉ አነስተኛ ገበሬዎች የእርከን፣ የወንዝ ዳር መቀነትና የዛፍ ሥራ ይውላል። ፈንዱ ሲቋቋም የተሠራው ጥናት፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ወጪ በ30 ዓመት ውስጥ 21.5 ሚሊዮን ዶላር ጥቅም እንደሚመልስ ገምቶ ነበር። ግምት ግምት ነው፤ ነገር ግን የውሃ ድርጅትና የኃይል ኩባንያ ገንዘባቸውን ያወጡት በጎ አድራጊ ስለሆኑ አይደለም። ደለል ወጪያቸው ስለሆነ ነው።

ለአዊ የሚስማማው ውል

በእኔ አስተያየት ውሉ ሦስት ነገሮችን መያዝ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው የወንዝ ዳር መቀነት ነው። ገበሬው ከጅረቱ 10 ሜትሩን ከሙልጭ ቆረጣና ከእርሻ ነጻ ያደርጋል፤ ግን ባዶውን አይተወውም። አዊ የቀርከሃ አገር ነው። ቀርከሃ ሥሩ መሬቱን እንደያዘ የደረሰው አገዳ ብቻ እየተመረጠ በየዓመቱ ይሸጣል። በመካከሉ ብሳናና ዋንዛ ሊቆም፣ ሣርም ሊታጨድ ይችላል። ስለዚህ ካሣው የጠቅላላው ገቢ ሳይሆን የልዩነቱ ብቻ ይሆናል። ለስሌት ያህል፣ መቀነቱ ዲከረንስ ይሰጥ የነበረውን ገቢ ግማሹን ቢሰጥ፣ ከላይ ያነሣነው ገበሬ የሚካሰው ከማሳው ገቢ 7 በመቶውን ነው። ይህ በየዓመቱ ሊከፈል የሚችል ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው አቆራረጡን ማፈራረቅ ነው። በአንድ ቁልቁለት ላይ ያሉ ጎረቤታሞች ሁሉ በአንድ በጋ ከቆረጡ የወንዙ ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ ይራቆታል። ገበሬው ግን የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ ዛፉ ስለደረሰ ሳይሆን ገንዘብ ስለጨነቀው ነው፤ ሕመም፣ ሠርግ፣ የማዳበሪያ ዕዳ። መፍትሔውም ብድር ነው። የቆመው ዛፍ በገጠር የቁጠባና ብድር ማኅበር ዘንድ እንደ መያዣ ቢያዝለት፣ ተራው እስኪደርስ አንድ ዓመት መጠበቅ ይችላል። አንድ ዓመት መጠበቅ ለወንዙ ትልቅ ነገር ነው፤ ለገበሬውም ዛፉ ይወፍርለታል።

ሦስተኛው የቆረጣው ዓመት አያያዝ ነው። የከሰሉ ክምር ከጅረቱ እንዲርቅ፣ መጎተቻው መንገድ ቁልቁለቱን አግድም እንዲይዝ፣ የመጀመሪያው ዓመት እርሻም ከእርከን ጋር እንዲሆን ማድረግ። ለዚህ የሚያስፈልገው ምክርና ጥቂት የጉልበት ዋጋ ነው።

ክፍያው ግማሹ በውሉ መጀመሪያ፣ ግማሹ ከክረምት በኋላ መቀነቱ ታይቶ ይሰጥ። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም እንደሚጻፍ ሁሉ ገንዘቡም በሁለቱም ስም ይከፈል። በሬ ስለሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ የምትሰጥ ባል የሞተባት ሴት፣ ብዙ ጉልበት የማይጠይቀው ዛፍ ከማንም በላይ ይስማማታልና እርሷ ከውሉ እንዳትቀር ጥንቃቄ ይደረግ።

ሊነሡ የሚችሉ ሦስት ተቃውሞዎች

‹‹ጉዳት ላለማድረስ ለምን ይከፈላል? የሚያደፈርስ እርሱ ይክፈል እንጂ›› የሚል ይኖራል። መርሁ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን ከሚያደፈርሰው ሰው ፊት ያለው አማራጭ የተሻለ ሲሆን ነው። እዚህ የደኑ አማራጭ ማረሻ ነው። ከዚህም በላይ ጥቅሙን የሚያገኘው በመብራት የሚኖረው ከተሜ ሆኖ፣ ወጪውን በኩራዝ የሚያመሸው ገበሬ እንዲከፍል መጠየቅ በምንም የፍትሕ ሚዛን አይደገፍም።

‹‹መሬቱ የመንግሥት ነው፤ እንዴት ከገበሬው ጋር የ10 ዓመት ውል ይገባል?›› የሚል ሁለተኛ ጥያቄ አለ። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፤ ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን ለይቶ ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ ውሉ መሬቱን ሳይሆን በላዩ የቆመውን ደንና አያያዙን ይመለከታል። የገበሬው ሥጋት ግን ከሕጉ ፊደል ይልቅ ከትዝታው ይመነጫል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግ የሚያስታውስ ሰው፣ ‹‹መቀነት›› ተብሎ የተለየ መሬት ነገ የወል ይሆናል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ውሉ ይህን በግልጽ ቃል መዝጋት አለበት፤ መቀነቱ የገበሬው ይዞታ ሆኖ ይቀጥላል፣ ውሉን ለማቋረጥ ቢፈልግም ያልተሠራበትን ክፍያ መልሶ ይወጣል።

ሦስተኛው የጸጥታው ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉን ያናወጠው ጦርነት ባለበት ተቆጣጣሪ ልኮ ማሳ ማስለካት አስቸጋሪ ነው፤ ይህን አሳንሶ ማየት አይገባም። ሆኖም የውሉ ባሕርይ ይረዳል። ቆረጣው በአብዛኛው በበጋ ስለሆነ ደመና በሌለበት ወቅት ከሳተላይት ይታያል። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በነጻ የሚሰጡት ምስል እያንዳንዱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ግማሽ ሄክታር ማሳ 50 ነጥብ ያህል ይሆናል፣ ሙልጭ ብሎ መቆረጡም አይደበቅም። መቀነቱ ራሱ የአንድ ነጥብ ስፋት ብቻ ስላለው በአካል መታየት ይኖርበታል፤ ይህን ደግሞ ጎረቤታሞች ራሳቸው በማኅበራቸው ሊያደርጉት ይችላሉ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርን ያህል ረጅም ዕድሜ ያለው ድርጅት ያቆመ ሕዝብ፣ የወንዙን ዳር ተራ ገብቶ መጠበቅ አያቅተውም።

የእኛ ድርሻ

በስተመጨረሻ ከፋዩ የውሃና የኃይል ድርጅቶች መሆን አለባቸው፤ ደለሉ የእነርሱ ወጪ ነውና። እነርሱ ግን በአገራችን ያልተሞከረ ነገር ላይ ገንዘብ አያፈሱም፤ ባይፈጥኑም አይፈረድባቸውም። የዳያስፖራው ቦታ እዚህ ላይ ነው። ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝተናል፤ የግድቡን ዕድሜ የሚወስነው አፈር ግን ዛሬም በሰው ማሳ ላይ ነው ያለው። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ጅረት ግራና ቀኝ፣ ለአምስት ዓመት ክፍያውን ብንሸፍንና የጅረቱን ድፍርስነት ውል ካልገባ ጎረቤት ጅረት ጋር እያነጻጸርን ብንለካ፣ ለእነዚያ ድርጅቶች የሚያሳምን ማስረጃ እናቀርባለን። ውጤቱ ደካማ ቢሆንም እንኳ ያን ማወቁ የችግኝ ቁጥር ከመቁጠር ይሻላል።

የሚቀጥለው ክረምት ሲቃረብ የመዋጮ ጥሪው እንደተለመደው ይመጣል። ከመስጠታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ፦ ችግኙ የሚተከለው በማን ይዞታ ላይ ነው? ውሃው ወደ የትኛው ወንዝ ይወርዳል? ዛፉ ለቆረጣ ሲደርስ ደግሞ፣ ገበሬው የወንዙን ዳር እንዲተወው የሚከፍለው ማን ነው? ለሦስተኛው መልስ የሌለው ፕሮጀክት ገንዘባችንን ቢቀበልም ወንዙን አያጠራውም።